የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ

ባለፈው ወር እድር ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ግን ማታ ማታ ቤቴ ስደርስ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ ጥቂት መቆም ጀምሬያለሁ።

ሟቹ በሰፈራችን የተወደዱ ሰው ነበሩ። ድንኳኑ ሞልቶ አግዳሚው ወደ መንገድ ወጥቷል። ንፍሮው ይዞራል፤ ካርታ የሚጫወቱት ጥጋቸውን ይዘዋል፤ የቀረነው የሟቹን ደግነት እያነሳን እንጨዋወታለን። "እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም!" ይላል አንዱ። "ሃያ ዓመት አንድ ቢሮ ስንሠራ ድምፃቸው ከፍ ሲል አልሰማሁም" ይላል ሌላው። "እድር ላይ ሰው ሲጣላ አስታራቂው እሳቸው፤ ሰው ሲቸገር ቀድመው ኪሳቸውን የሚዳብሱት እሳቸው…" አንዳቸውም አልዋሹም። እኔም ራሴ ስለ ሰውዬው የማውቀው ይህንኑ ነው።

ሰው ሳሳ ሲል የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። የሚወራውን ስትሰማ ቆየችና ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሁላችሁም የምታወሩለት ሰውዬ ማን ነው? እኔም ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ቀልድ አይደለም። "እኛ ቤት የጫማው ድምፅ ሲሰማ ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ ሁላችንም ደብተር እናነሳለን። እናቴ ጨው በዛ እንዳይላት ወጡን ሦስቴ ትቀምሳለች። መትቶን አያውቅም፤ ኧረ በፍጹም! ብቻ ፊቱ አይፈታም። ሲስቅ የምናየው እንግዳ ሲመጣ ነው። ለዚህ ነው ልጅ ሆነን እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንፈነድቀው።" ይህን ብላ እንባዋን ጠረገችና የሚገቡትን ለቅሶ ደራሾች ልትቀበል ተነሣች።

ይኸውላችሁ፣ አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ሰው ስም አውጥተውለታል። "የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ" ይሉታል። ገጠር ያደገ ሰው ቀጋን ያውቀዋል። የዱር ጽጌረዳ ነው። አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል የሚበላ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር ቁጥቋጦ ነው። ችግሩ ሲጠጉት ነው። እሾሁ ቆልመም ያለ ስለሆነ አንዴ ልብስ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተረቱ ሰውየው ክፉ ነው አላለም። ለመንገደኛው አልጋ፣ ለቤተኛው እሾህ ነው ያለው። ይህ ደግሞ ከለየለት ክፉ ሰው ይልቅ ያስቸግራል። የለየለት ክፉ አባት ያለው ልጅ ቢያንስ ጎረቤት ያዝንለታል። አባቱ የቤት ቀጋ የሆነበት ልጅ ግን ቢናገር ማን ያምነዋል? "እንዴ! እሳቸው?" ነው የሚባለው። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ያድጋል። ከዚያ በለቅሶ ቀን ማንነቱን የማያውቀው ሰው ሲሞገስ ይሰማል።

በሌላው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። ወደ ራሴ ልምጣ።

ከለቅሶው በሳምንቱ ይመስለኛል። መብራት ጠፍቷል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ በእኔ ሞባይል ብርሃን የክፍልፋይ ሂሳብ ይሠራል። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ "ሁለት አምስተኛ" ብሎ ጻፈ። አስረዳሁት። ቀጣዩንም በዚያው መንገድ ሠራው። እንደገና አስረዳሁት፤ አሁን ድምፄ ጎርነን ብሏል። ሦስተኛውም ያው! "አንተ ልጅ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው? ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?" ብዬ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ይህን ከማለቴ ያ ለመብራት ያስቀመጥነው ስልክ ጮኸ። አለቃዬ ነው።

"አቤት ጌታዬ! እንዴት አመሹ? ኧረ በፍጹም፣ ምንም አልረበሹኝም!" አለቃዬ ቀን ላይ ያስረዳሁትን የሪፖርት ጉዳይ ረስቶት ኖሮ እንደገና ጠየቀኝ። አስረዳሁት። አልገባውም። በሌላ መንገድ አስረዳሁት። አሁንም "ቆይ እስቲ፣ የመጀመሪያውን ድገምልኝ" አለኝ። "ችግር የለም ጌታዬ፣ እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ ነው" ብዬ በምሳሌ አስደግፌ ነገርኩት። ደህና እደሩ፣ ደህና እደር ተባብለን ስልኩን ዘጋሁ።

ዞር ስል ልጄ እርሳሱን እንደያዘ ያየኛል። "አባዬ፣ ለእኔም በስልክ እንደምታወራው አስረዳኝ" አለኝ።

ምን ልበለው? ደክሞኝ ነው ልበል? አለቃዬ ሲደውል ድካሙ የት ሄደ? ተቆጥቼ ነበር ልበል? ቁጣውስ በአንዲት ስልክ ጥሪ እንዴት ወደ ማር ተለወጠ? ልጁ ሳያውቀው ያጋለጠኝ እዚህ ላይ ነው። ጨዋነቱ አልጠፋኝም። ትዕግሥቱም አላለቀብኝም። ኪሴ ውስጥ ነበር። ለእሱ ላወጣው አልፈለግኩም እንጂ።

መቼም ሁላችንም የምንደረድረው ምክንያት አለን። ምክንያታችንም ውሸት አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን ይሞላል። ጠዋት የታክሲ ሠልፍ ይጠብቀዋል፤ ማታ ያው ሠልፍ ዞሮ ይጠብቀዋል። የቤት ኪራይ አለ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። ደመወዙ ባለበት የቆመ ሰው ዘይት ሲገዛ ምን እንደሚሰማው ለማንም አይነገርም። እንዲህ ውሎ የገባ ሰው ፊቱ ባይፈታ ማን ይፈርድበታል?

እኔም አልፈርድም። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ድካም ትዕግሥታችን ለምን እንዳነሰ ያስረዳል። ያለችውን ትንሽ ትዕግሥት ለማን እንደምንሰጣት ግን አያስረዳም። ታክሲ ውስጥ እግራችንን ለረገጠን ሰው "ምንም አይደል" እንላለን። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ ምን እንደምንል ጎረቤት ይናገር። እግራችን እኮ ከብርጭቆው ይበልጥ ያመናል!

ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው የገባኝ ይህ ነው። ውጭ ጨዋነት ዋጋ አለው። አለቃህን ብትሰድብ ከሥራ ትባረራለህ፤ ደንበኛህን ብታመናጭቅ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ እድር ላይ ብትሳደብ ትቀጣለህ። ቤት ውስጥ ግን ማንም አያባርርህም። ሚስት እንደ ደንበኛ ወደ ሌላ ሱቅ አትሻገርም፤ ልጅ አባት አይቀይርም። ስለዚህ "ቤቴ ነው፣ እንደ ልቤ ልሁንበት" እንላለን። እንደ ልብ መሆን ማለት ደግሞ አለመላጨት፣ ቁምጣ ለብሶ መንጎራደድ፣ ሶፋ ላይ መጋደም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እኛ ግን ካፖርታችንን ስናወልቅ ጸባያችንንም አብረን እንሰቅለዋለን። ጠዋት ስንወጣ መልሰን እንለብሰዋለን። እንዲህ ያለው ጸባይ የእኛ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ዩኒፎርም ነው።

ደግሞ ቁጣ እንደ ውሃ ነው። ወደ ላይ አይወጣም፤ ቁልቁል ይፈስሳል። አለቃ ባልን ይቆጣል። ባል ቤት ገብቶ ሚስቱ ላይ ያፈሰዋል። ሚስት ትልቁን ልጅ፣ ትልቁ ትንሹን። ከሁሉም ሥር ደግሞ ጓዳ ውስጥ አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። እሷ የምትቆጣው ሰው የላትም። የሁላችንም ቁጣ መጨረሻ የሚጠራቀመው እሷ ዘንድ ነው። የቤተሰብን ጸባይ ማወቅ የፈለገ ሰው ሳሎን ቁጭ ብሎ ቡና ባይጠጣ ይሻለዋል። ሠራተኛዋ ስሟ ሲጠራ እንዴት እንደምትደነግጥ ይመልከት።

"ታዲያ ሕግ የለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ግን እስቲ ሕጉ የት ድረስ እንደሚገባ አብረን እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 635፣ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። አርባ ዓመት ቆይቶ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህንን አለቅነት ሻረና ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፣ እንዲደጋገፉ፣ ቤታቸውንም በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አዘዘ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ጥቃትን በስሙ ጠርቶ አንቀጽ 564ን መደበለት። ደግ!

ወደ ልጆች ስንመጣ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። የት? በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት። የቤታችን በር ላይ ሲደርስ ድንጋጌው ጫማውን አውልቆ ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም እንዲሁ፤ ትርፍ በሌለበት ለግል አገልግሎት የሚሰጥን ሥራ፣ ማለትም ያችን የጓዳዋን ልጅ፣ ከሚሸፍናቸው ውጭ አድርጓታል።

እንግዲህ አጥንት ሲሰበር ሕግ ይገባል። ግልምጫን ግን የትኛው አንቀጽ ይዳኘዋል? ሦስት ቀን ኩርፊያን ለየትኛው ፖሊስ ጣቢያ ታመለክታለህ? "አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ" የምትለዋን፣ በእንግዳ ፊት የምትጣለዋን ቃል የትኛው ዳኛ ይሽራታል? የቤት ኑሮ ደግሞ ዘጠና ከመቶው ይኸው ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሕጉ ጸባይ ነው። ጸባይ የጠፋ ዕለት ቤቱ ሕግ አልባ ነው።

ለዚህ ምስክር ካስፈለገ መጋቢት 2012ን አስታውሱ። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ብዙዎቻችንም ከቤት እንድንሠራ ስንታዘዝ፣ ልጆቻችንን በብርሃን ማየት የጀመርነው ያኔ ነው። የውጭው አልጋ ተዘጋ፤ የቤቱ ቀጋ ብቻ ቀረ። በየኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ የሚያልፈውን ጩኸት ሁላችንም ሰምተናል፤ የእኛም ተሰምቷል። አንድ ወዳጄ በዚያን ሰሞን በስልክ "ሚስቴ ይህን ያህል ሥራ እንዳለባት አላውቅም ነበር" አለኝ። አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ከዚያ ሁሉ ክፉ ጊዜ ያተረፍኩት አንድ ጥሩ ወሬ ቢኖር ይህ ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ የማታ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ወደ መፍትሔ ነን ባዮቹ እንሂድ። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚዘረጉትን መጻሕፍት እስቲ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቀና አስብ፤ ፈገግ በል፤ ችግርን እንደ ዕድል ቁጠር፤ ሕይወትህን በዚህን ያህል ቀን ለውጥ። ሥልጠናውም እንዲሁ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ይወጣል። እኔ ቀና ማሰብን አልጠላም። ጨለማ ጨለማውን ብቻ የሚያይ ሰው ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ያየኋቸውን ያህል የሚያስተምሩት በውጭ እንዴት እንደምንወደድ ነው። ደንበኛን እንዴት እንደምንማርክ፣ አለቃን እንዴት እንደምናሳምን፣ ጓደኛ እንዴት እንደምናፈራ። አልጋውን ያነጥፋሉ፤ ስለ ቀጋው ግን ትንፍሽ አይሉም።

ወደ ቤት ሲገቡም የሚያነጣጥሩት ወደ አንድ ወገን ነው። ምክሩ ሁሉ ለሴቷ ነው። ባልሽ ሲገባ በፈገግታ ተቀበዪው፤ ችግርሽን በመጣበት ደቂቃ አትንገሪው፤ ቀና ሁኚ። አዲስ መስሎን እናጨበጭባለን እንጂ ይህ እኮ የድሮው "ቻይው" ነው! ሽማግሌ ተቀምጦ የባልን ጥፋት ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ሴቷ ዞሮ "አንቺም ብትሆኚ ቻይው፤ ለልጆችሽ ስትዪ" የሚለው። "ሆድ ይፍጀው" የሚለው። ስንት እናቶች ሆዳቸው ፈጅቶት ፈጅቶት በመጨረሻ እሱ ራሱ እንደፈጃቸው ቤት ይቁጠረው። ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተለውጧል፤ የሽማግሌው ምላስ ግን ብዙ ቦታ ገና 1952 ላይ ነው።

ትዕግሥትና ዝምታ ይለያያሉ። ትዕግሥተኛ ሰው የሚናገርበትን ሰዓት ይመርጣል እንጂ ጭራሽ አይናገርም ማለት አይደለም። ዝም የተባለችው ሴት ግን የምትናገርበት ሰዓት የላትም። እናቴ ትዕግሥተኛ ነበረች ስል ይህን ማለቴ ነው። አባቴ ተቆጥቶ የገባ ቀን መልስ አትሰጠውም። "ቡናው ይድረስ" ትላለች። ቡና ይቆላል፤ ይወቀጣል፤ አቦሉ ይቀዳል። በአቦሉ ጸጥታ ነው። ቶናው ላይ አባቴ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ይጀምራል። በረካው ሲደርስ እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ "አሁን ወደ ቅድሙ ነገር እንመለስ" ትለዋለች። ልብ በሉ፤ አልተወችውም! ትመልሰዋለች። አንዳንድ ቀን እሷ ትረታለች፤ አንዳንድ ቀን እሱ። ሦስቱ ሲኒ ግን ሁለቱንም አብርዶ ያቆያቸዋል። ያኔ ቡና መውደዷ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ እናቴ እኔ ዘንድ ናት። የመርሳት ሕመም ከያዛት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በአንድ ምሽት "መብራት መጣ እንዴ?" ብላ አሥር ጊዜ ትጠይቃለች፤ መብራቱ እየበራም ቢሆን። ሦስተኛው ላይ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። አምስተኛው ላይ "እማዬ፣ አሁን አልነገርኩሽም?" ብዬ እጮኻለሁ፤ እሷም እንደ ጥፋተኛ ሕፃን አንገቷን ትደፋለች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ግን ከሁላችንም ቀድማ መላ አግኝታለች። አሥረኛውን ጥያቄ ልክ እንደ መጀመሪያው ነው የምትመልሰው። "አዎ እማማ፣ መጥቷል፤ ያው ይበራል፣ አዩት?" ትላታለች። እንዴት አይታክትሽም ስላት፣ "እሷ እኮ የምትጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አሥር ጊዜ የምንሰማው እኛ ነን" አለችኝ።

ቀና አስተሳሰብ የሚባለው ይህ ይመስለኛል። ችግሩን የለም አላለችም፤ አያቷ እየረሳች መሆኗን ከእኔ እኩል ታውቃለች። ፈገግታም አልለጠፈችበትም። ነገሩን ከአያቷ ቦታ ሆና አየችው፤ በቃ። እኔ "ስንት ጊዜ ልንገርሽ" የምለው ከራሴ ጆሮ ተነሥቼ ነው። የሂሳቡም ነገር እንዲሁ ነው። ልጄ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ሲደምር ሦስት ጊዜ የተሳሳተው እኔን ለማናደድ አልነበረም። ታችኞቹን ቁጥሮች ለምን መደመር እንደሌለበት በትክክል ያስረዳው ሰው ስላልነበረ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ድምፄን ብቻ እየጨመርኩ ደገምኩለት። ለአለቃዬ ግን ምሳሌ ፈለግኩለት።

አንዲት ጎረቤት አለችን። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጮኽባት መስኮት ላይ። ማታ ስገባ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ "ምነው እህቴ፣ ቁልፍ ጠፍቶብሽ ነው?" አልኳት። ሳቀች። "አይ ጋሼ፣ የቢሮዬን አቧራ እዚህ ላራግፍ ብዬ ነው፤ ከነአቧራዬ ስገባ ልጆቼ ላይ ይራገፋል" አለችኝ። አምስት ደቂቃ ነው። ማንም አላሠለጠናትም፤ መጽሐፍም አልገዛችም። በሩ ላይ ቁልፌን ሰክቼ መቆም የተማርኩት ከእሷ ነው።

ይህን ስል ነገሩ ሁሉ በአምስት ደቂቃ መቆም ይፈታል ማለቴ አይደለም። የኪራይ ቀን ሲደርስ ቢቆሙ ብሩ አይመጣም። የታመመ ልጅ ባላቸው፣ ሥራ በፈቱ፣ አልጋ የያዘ ወላጅ በሚያስታምሙ ቤቶች ውስጥ ያለው ችግር ከእኔ የክፍልፋይ ሂሳብ ጋር አይወዳደርም። የሚመታ ባል ያላት ሴትም የሚያስፈልጋት የጸባይ ምክር አይደለም፤ የሚያስጥላት ሰውና ሕግ ነው። እዚያ ላይ "ቀና አስቢ" የሚል ሰው አፉን ቢይዝ ደግ ነው። እኔ የማወራው ለቀረነው፣ ለብዙዎቹ፣ ድሃም ሆንን ደህና፣ በየማታው በር ከፍተን ለምንገባው ነው። ችግሩን ከቤታችን ማስወጣት ባንችል፣ ከችግሩ ጋር ተባብረን ልጆቻችን ላይ አንዝመትባቸው ነው የምለው። ኑሮ ውድ ከሆነ ለልጁም ውድ ነው። መብራት ከጠፋ ለሚስትም ጠፍቷል። ሁላችንም አንድ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ፣ እኔ ብቻ የጨለመብኝ ይመስል የምጮኸው ምን ሆኜ ነው?

የዚያን ምሽት ለልጄ ምን መለስክለት ትሉኝ ይሆናል። እኛ አገር አባት ለልጁ "ይቅርታ" አይልም። ቢጸጽተው "ና ብላ" ይላል፤ ወይም በማግስቱ ከረሜላ ይዞ ይገባል። ልጁም ከረሜላውን ይልሳል፤ ይቅርታው ግን እንዳልተባለ ያውቃል። እኔም "ና ብላ" ልል ነበር። ከዚያ የድንኳኗ ልጅ ትዝ አለችኝ። "አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ቃሉ ለአፌ እንግዳ ሆነብኝ። ልጄ ደነገጠ። ያመመኝ ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያ አንድ እንጀራ አምጥቼ ግማሹን ቆረስኩ፤ ሌላ እንጀራ ሦስት ቦታ ከፈልኩና አንዱን ወሰድኩ። "እነዚህን እንዴት እንቆጥራቸዋለን? እኩል አይደሉም እኮ" አልኩት። ትንሽ አሰበና "እኩል እስኪሆኑ እንቁረሳቸዋ!" አለ። ሁለቱንም በስድስተኛ ቆራረስናቸው። አምስት ስድስተኛ! እራታችንንም በዚያው በላነው።

ከዚያ ወዲህ አልጮኽኩም ብዬ አልዋሽም። ባለፈው ማክሰኞ ጮኼያለሁ። ልጄ ግን አሁን መሣሪያ አለው። እጁን እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ያደርግና "ሄሎ ጌታዬ?" ይለኛል። እናቱ ትስቃለች። እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ያናድደኛል።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን ለእኔም ድንኳን ይተከላል። የእድሩ ሰው ይሰበሰባል፤ ንፍሮው ይዞራል። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ባይዋሹም እንኳን፣ መልካም መልካሙን ያወራሉ። ለዚያ አልሰጋም፤ እነሱን ስንከባከብ ነው የኖርኩት። ልጆቼ ግን እዚያው ጥግ ይቀመጣሉ። የሚወራለትን ሰውዬ ያውቁት ይሆን?

እናንተስ፣ ዛሬ ማታ በር ስትከፍቱ የሚገባው የትኛው ሰውዬ ነው?

ቸር እንሰንብት።